የድሮ ካርታ ገበያ፦ መጽሐፉ ሲገነጠል ለምን ይወደዳል?

"ካርታ" የሚለው ቃል ለአዲስ አበባ ነጋዴ በመጀመሪያ የሚያሳስበው የቤቱን ወይም የቦታውን ይዞታ ማረጋገጫ ነው። ባንክ በዋስትና የሚይዘው፣ ውርስ ሲነሳ ወንድማማቾችን የሚያጣላው፣ ደላላው "ካርታው ንጹሕ ነው ወይ?" ብሎ የሚጠይቅበት ወረቀት ማለት ነው። ቀጥሎ የሚመጣለት ማታ ከጓደኞቹ ጋር የሚጫወትበት ባለ 52 ቅጠሉ ካርታ ነው። ወንዝና ተራራ የተሣለበት ካርታ በሦስተኛ ደረጃ ቢታወሰው ነው፤ ያም ቢሆን ከትምህርት ቤት ግድግዳ ጋር ተያይዞ እንጂ ከገንዘብ ጋር አይደለም።

ለንደን ውስጥ ግን በዚህ በሦስተኛው ዓይነት ወረቀት የሚተዳደሩ ሱቆችና አጫራች ድርጅቶች አሉ። ዋነኛ ሸቀጣቸውም ከ400 ዓመት በፊት በመዳብ ሰሌዳ የታተሙ የእንግሊዝ አውራጃ ካርታዎች ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ገዢው ብዙውን ጊዜ የታሪክ ምሁር አይደለም። ጡረታ የወጣ ሐኪም፣ ቤት የገዛ የባንክ ሠራተኛ ወይም ለአማቹ ስጦታ የቸገረው ሰው ነው። የተወለደበትን ወይም የሚኖርበትን አውራጃ በወርቅ ቅብ ክፈፍ አስገብቶ ሳሎኑ ውስጥ ይሰቅላል። ነገሩ የጌጥ ንግድ ይመስላል፤ የገበያ ተመልካችን የሚያስደንቀው ግን ከጌጡ ሥር ያለው የዋጋ አወሳሰን ነው።

እንግሊዞች "ካውንቲ" የሚሉት በእኛ የቀድሞ አጠራር አውራጃ ቢባል ይቀርባል። እንግሊዝና ዌልስ በአንድነት 52 ነበሯቸው። ከካርታ ሠሪዎቹ ሁሉ ስሙ የገነነው ጆን ስፒድ የአውራጃዎቹን ካርታ በአንድ ትልቅ መጽሐፍ ሰብስቦ በ1611 እና በ1612 መካከል አወጣ። ዛሬ ከዚያ መጽሐፍ የተገነጠለ አንድ ቅጠል እንደ አውራጃውና እንደ ኅትመቱ ከጥቂት መቶ እስከ ጥቂት ሺህ ፓውንድ ያወጣል። እንቆቅልሹም እዚህ ላይ ነው። ሁለት ቅጠሎች ከአንድ መጽሐፍ ወጥተው፣ በአንድ ዓይነት ወረቀት ላይ በአንድ ዓመት ታትመው ሳለ፣ አንዱ የሌላውን ብዙ እጥፍ ይሸጣል። ለምን?

መልሱን ቅርጫ የገባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አንድ በሬ ሲታረድ የሚገኘው ምላስ አንድ ነው። ሽንጥ ፈላጊ በዛ ተብሎ በሬው ላይ ሽንጥ አይጨመርም፤ ሽንጥ ለማብዛት ሌላ በሬ መጣል፣ ከሽንጡም ጋር ሻኛውንና እግሩን መቀበል ግድ ነው። የስፒድ መጽሐፍም እንዲሁ ነው። መቶ መጽሐፍ ቢገነጠል መቶ ሰሬይና መቶ ሀንቲንግደን ይወጣል። የሁለቱ አቅርቦት በአንድ ጥራዝ ታስሯልና እኩል ነው። ስለዚህ በመካከላቸው ያለው የዋጋ ልዩነት ከሞላ ጎደል የፍላጎት ልዩነት ነው ማለት ነው። የኢኮኖሚክስ መምህራን አቅርቦትን ቆልፎ ፍላጎትን ብቻ የሚያሳይ ገበያ ፍለጋ ብዙ ይደክማሉ፤ እነሆ፣ በክፈፍ ሱቅ መስኮት ውስጥ ተሰቅሎላቸዋል።

ታዲያ የሚለካው ፍላጎት ምን ዓይነት ነው? ሰሬይና ሚድልሴክስ የሚወደዱት ለንደንና ዙሪያዋ ስለሆኑ፣ ገንዘብ ያለውም ሕዝብ እዚያው ስለሚኖር ነው። ኮርንዎል የሚወደደው የባሕር ዳርቻው የዕረፍት ቤት ገዢ ስለሚስብ ነው። በሌላ አነጋገር ገበያው የ1611ን ካርታ የሚተምነው በዛሬው የቤት ዋጋ ነው። የወረቀቱ ታሪካዊ ምስክርነት በሚዛኑ ላይ የሚጨምረው ክብደት እጅግ ትንሽ ነው። ይህ ዓይነቱ ገበያ ተሳስቷል ቢባል ድፍረት ይመስል ይሆናል፤ ሆኖም ተሳስቷል። ምክንያቱን ለመረዳት ወረቀቶቹ ለምን እንደተሠሩ መመልከት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው የእንግሊዝ አውራጃዎች ካርታ ለጌጥ አልተሠራም። በ1569 በሰሜን እንግሊዝ የካቶሊክ መኳንንት አመፁ፤ በ1570 የሮማው ጳጳስ ንግሥት ኤልሳቤጥን አወገዙ፤ ከባሕር ማዶ ደግሞ የስፔን ጦር ያስፈራ ነበር። የንግሥቲቱ ዋና አማካሪ ሎርድ በርሊ የትኛው ወደብ ክፍት እንደሆነ፣ የትኛው ባላባት የት እንደሚኖር ሊያውቅ ይፈልግ ነበር። ክሪስቶፈር ሳክስተን የተባለው የዮርክሻየር ተወላጅ ቀያሽ ከ1574 ጀምሮ አገሩን አውራጃ ባውራጃ የለካው በዚህ ጊዜ ነው። ወጪውን የሸፈነለት ቶማስ ሴክፎርድ የተባለ የቤተ መንግሥት ባለሥልጣን ሲሆን፣ ንግሥቲቱም በሰፎክ አውራጃ መሬት ሸልመውታል። በ1576 ወደ ዌልስ ሲሄድ የንግሥቲቱ ምክር ቤት ለአካባቢው ዳኞች በጻፈው ደብዳቤ፣ ቀያሹ አገሩን ቁልቁል ማየት እንዲችል ወደ ማማና ወደ ኮረብታ እንዲወስዱት፣ አገሩን የሚያውቁ ታማኝ ሰዎችም እንዲያጅቡት አዟል።

ሥራው በ1579 ታትሞ ወጣ። ከጠቅላላው ካርታ በተጨማሪ 34 የአውራጃ ካርታዎች ነበሩት። በእያንዳንዱ ቅጠል ላይ የንግሥቲቱና የሴክፎርድ ዓርማ ተቀርጿል። ሳክስተን ደግሞ ከ1577 ጀምሮ ለ10 ዓመት ሌላ ሰው እንዳያትምበት መብት ተሰጥቶት ነበር፤ ዛሬ የባለቤትነት መብት የምንለው መሆኑ ነው። በርሊ ቅጠሎቹ ከማተሚያው በወጡ ቁጥር እየተቀበለ በእጁ ማስታወሻ ይጽፍባቸው ነበር፤ ያ ቅጂ ዛሬ በብሪትሽ ላይብረሪ ይገኛል።

የንግድ ሰው በሳክስተን ካርታ ላይ ወዲያው የሚያስተውለው አንድ ጉድለት አለ፤ መንገድ የለውም። ወንዙና ድልድዩ አለ፤ ኮረብታው እንደ ፍልፈል አፈር ጉብ ጉብ ብሎ ተሥሏል፤ የመኳንንቱ የአደን ጫካ በአጥር ተከቧል። ከገበያ ወደ ገበያ የሚወስደው መንገድ ግን አልተሠመረም። በመንገድ አልባነቱ ብቻ ካርታው የማን እንደነበር ይናገራል። ሸቀጥ ጭኖ ለሚሄድ ሰው አልተሠራም፤ ቤተ መንግሥት ተቀምጦ ማን የት እንዳለ ለሚቆጥር ሰው ነው የተሠራው። መንገድን በአውራጃ ካርታ ላይ ማስመር የጀመረው ጆን ኖርደን ነው፤ በ1593 ባወጣው የሚድልሴክስ ካርታ። ኖርደን ሁሉንም አውራጃዎች ሊያዳርስ ተነሥቶ ነበር፤ እንደ ሳክስተን ያለ ደጋፊ ስላላገኘ ግን በሕይወት ሳለ ታትመው ያየው ጥቂቱን ነው። ሐሳብ ያለው ካፒታል ከሌለው ምን እንደሚሆን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ከዚያ ስፒድ መጣ። ጆን ስፒድ በ1552 በቼሻየር የተወለደ ልብስ ሰፊ ነበር፤ አባቱም ልብስ ሰፊ ነበር። ፉልክ ግሬቪል የተባለ ባለሥልጣን ችሎታውን አይቶ ከመርፌው እስኪያላቅቀው ድረስ ታሪክና ካርታ የሚያጠናው በትርፍ ጊዜው ነበር። ልጆቹም 18 ነበሩ። አብዛኛውን የወሰደው ከሳክስተንና ከኖርደን መሆኑን ራሱ አልደበቀም። የእርሱ ብልሃት ሌላ ላይ ነው፤ ካርታውን ሰው ሊገዛው የሚወደው ነገር አደረገው። በየቅጠሉ ጥግ የዋናውን ከተማ ፕላን አስገባ፤ ከእነዚህ ከተሞች ብዙዎቹ ከዚያ በፊት ፕላናቸው ታትሞ አያውቅም። የመኳንንቱን ጋሻዎች ደረደረ፣ የጦርነቱን ቦታ በፈረሰኛና በቀስተኛ ሞላ፣ የዊልትሻየርን ካርታ በስቶንሄንጅ ድንጋዮች፣ የካምብሪጅሻየርን በኮሌጆች ዓርማና ካባ በለበሱ ሊቃውንት አስጌጠ። የመዳብ ሰሌዳውን የቀረጸለት በአምስተርዳም የነበረው ዮዶከስ ሆንዲየስ ነው፤ ሻጮቹ ደግሞ ሰድበሪና ሀምብል የተባሉ የለንደን ነጋዴዎች ነበሩ። ረቂቁ ለንደን፣ ቀራጩ አምስተርዳም፣ ገበያው እንደገና ለንደን። የዛሬ ላኪና አስመጪ የሚያውቀው ዓይነት ሥራ ነው።

በዚህ የባሕር ማዶ ሥራ ምክንያት የተፈጠረ አንድ ስሕተት በሰብሳቢዎች ዘንድ ዝነኛ ነው። ስፒድ በዊልትሻየር ረቂቅ ላይ ኖርዝ በርከም የተባለችውን መንደር እርግጠኛ ስላልነበረ በአጠገቧ "ይጣራ" ለማለት "ክዌሬ" የሚል የላቲን ቃል ጻፈ። አምስተርዳም ያለው ቀራጭ ቃሉን የመንደር ስም መስሎት በመዳቡ ላይ ቀረጸው። እነ ብላውና ያንሶኒየስ በ1640ዎቹ የእንግሊዝን አውራጃዎች ሲያሳትሙ "ይጣራ" የምትባለዋን መንደር ሳያጣሩ ወሰዷት፤ ሌሎችም ከእነርሱ ወሰዱ። መንደሯ በዚህ ስም ከመቶ ዓመት በላይ ኖረች። ካርታ ሠሪ ሁሉ ቀያሽ አለመሆኑን፣ ገሚሱ የሌላውን ሥራ የሚገለብጥ ነጋዴ መሆኑን ለማወቅ ይህች አንዲት ቃል ትበቃለች። ማን ከማን እንደገለበጠ የሚመረምር ሰውም እንዲህ ያለውን ስሕተት እንደ ጣት አሻራ ይጠቀምበታል።

ጌጡ ራሱ መረጃ ሆኖ የቀረበት ጊዜም ብዙ ነው። በሰሬይ ካርታ ጥግ ላይ ስፒድ ሁለት ቤተ መንግሥቶችን ሥሏል፤ አንዱ ሄንሪ 8ኛ ያሠሩት ኖንሰች ነው። ኖንሰች ከ1682 ጀምሮ ፈርሶ ድንጋዩና እንጨቱ ተሽጧል፤ ዛሬ በቦታው መናፈሻ ነው ያለው። ሕንፃው ሳይፈርስ የተሣሉት ሥዕሎች ጥቂት ሲሆኑ አንዱ ሳሎን ለማሳመር ተብሎ የሚሸጠው ይኸው ወረቀት ነው። በሚድልሴክስ ካርታ ላይ ያለው አሮጌው የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል በ1666ቱ የለንደን ቃጠሎ ወድሟል። ሚድልሴክስ ራሱም እንደ አስተዳደር ክፍል በ1965 ቀርቷል፤ ሀንቲንግደንሻየርም ራሱን የቻለ አውራጃ መሆኑ በዚያው ዓመት አብቅቷል፤ ትንሿ ራትላንድ በ1974 ተሠርዛ በ1997 ተመልሳለች። አውራጃና ክፍለ ሀገር ሲፈርስና ሲቋቋም ያየ የእኛ አገር አንባቢ እንዲህ ያለ ካርታ ምን እንደሚይዝ ለመረዳት አይቸገርም።

የጥበቡን ወገን ማጣጣል አይገባም። ራልፍ ሼልደን የተባለ ባለጸጋ በ1590ዎቹ የሳክስተንን ካርታ መነሻ አድርጎ የአራት አውራጃዎችን ካርታ በትላልቅ የግድግዳ ምንጣፎች ላይ አሠርቷል፤ ካርታን ግድግዳ ላይ መስቀል የዛሬ ሰው ፈሊጥ አይደለም ማለት ነው። በ1590 ደግሞ አንድ ለንደናዊ የአውራጃዎቹ ቁጥር 52 መሆኑን አስተውሎ በእያንዳንዱ ቅጠል ላይ አንድ አውራጃ ያለበት የመጫወቻ ካርታ አሳተመ። ካርታና ካርታ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በእንግሊዝ ገበያም ተገናኝተው ነበር።

እንግዲህ ወደ ገንዘቡ እንመለስ። አንድ ገዢ "የስፒድ ካርታ" ሲገዛ የሚከፍለው ለሁለት ነገር ነው፤ ለመልኩና ለምስክርነቱ። ሻጩ ሁለቱን በአንድ ዋጋ ጠቅልሎ ይሸጥለታል። መልኩን በተመለከተ ገበያው ያልተቀበለው አንድ እውነት አለ፤ ዛሬ መልክ ርካሽ ነው። ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ስፒድ መጽሐፉን ከማውጣቱ በፊት የወጡትን የሙከራ ኅትመቶች ይዟል፤ እነርሱንም በኮምፒዩተር ማንም እንዲያያቸው ለቋል። ሌሎች ትላልቅ ቤተ መጻሕፍትም እንዲሁ አድርገዋል። ጥሩ ማተሚያ ያለው ሰው ያንኑ ሥዕል በጥቂት ፓውንድ አትሞ ይሰቅላል፤ ከሁለት እርምጃ በላይ ርቆ ለሚያይ እንግዳ ልዩነቱ አይታወቅም። ማንም በርካሽ ሊያባዛው ለሚችል ነገር ሺህ ፓውንድ የሚከፍል ሰው ኢንቨስት አደረገ አይባልም፤ ጌጥ ገዛ ነው የሚባለው። ጌጥ መግዛት ነውር የለበትም፤ ሲሸጡት ግን ሌላ ወሬ ነው።

ፎቶግራፍ ሊሸከመው የማይችለው ምስክርነቱን ነው። ወረቀቱ በእጅ የተሠራ ስለሆነ ወደ ብርሃን ሲያዙት የሽቦው መስመርና የወረቀት ፋብሪካው ምልክት ይታያል። መዳቡ ወረቀቱን ተጭኖ የተወው የጠርዝ ስርጉድ በጣት ይዳሰሳል። በጀርባው ላይ ያለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የፊደል አደራደር ኅትመቱ የየትኛው ዓመት እንደሆነ ይለያል። ይህም ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም የስፒድ መዳቦች ከ1611 ተነሥተው እስከ 1770 አካባቢ ድረስ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጡ ታትመውባቸዋል። በታችኛው ጥግ የሰድበሪና የሀምብል ስም ካለ ቅጠሉ ከቀደምቶቹ ነው። ባሴትና ቺዝዌል ከተባለ የ1676 ነው፤ በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘውም ይህኛው ነው። ኦቨርተን ከተባለ ደግሞ 18ኛው መቶ ዓመት ውስጥ ገብቷል፤ በዚያን ጊዜ መዳቡ አርጅቶ መስመሩ ደብዝዟል፣ ሳክስተን የተዋቸው መንገዶችም በመጨረሻ ተጨምረዋል። ሦስቱም "ስፒድ" ተብለው ይሸጣሉ። መንገድ የተጨመረበትን የኋለኛውን ቅጠል "የ1611 ካርታ" ብሎ የሚሸጥ ሱቅ ካለ፣ ወይ አያውቅም ወይ እያወቀ ነው።

ቀለምም ሌላው ማታለያ ነው። የስፒድ ካርታዎች አብዛኞቹ ሲሸጡ ቀለም አልነበራቸውም። ዛሬ በሱቁ መስኮት በአረንጓዴና በቀይ ደምቀው የሚታዩት ብዙዎቹ በቅርብ ዘመን የተቀቡ ናቸው፤ ገዢ ቀለም ስለሚወድ ነጋዴው ያስቀባል። የጥንቱን የሚለየው ምልክት ከጀርባ ነው። ከመዳብ ዝገት የሚሠራው የድሮው አረንጓዴ በዘመናት ውስጥ ወረቀቱን እየበላ በጀርባው ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ጀርባው እንደ በረዶ ነጭ ሆኖ ፊቱ እንደ አበባ ከደመቀ መጠርጠር ነው። አስቂኙ ነገር ጀርባው በዝገት የተበላው እውነተኛ ቅጠል ጉዳት አለበት እየተባለ ዋጋው ሲቀነስ፣ ትናንት የተቀባው ደግሞ "ንጹሕ" ተብሎ መወደሱ ነው።

ወጪውንም መርሳት አይገባም። ካርታ ወለድ አይወልድም፤ እንደ አክሲዮን የትርፍ ድርሻ የለውም፤ እንደ ቤት አይከራይም። በትልልቆቹ ጨረታዎች ገዢው ከመዶሻው ዋጋ በላይ ሩብ ያህል ኮሚሽን ይከፍላል፤ ሻጩም የራሱን ይከፍላል። በሱቅ ከገዛ ደግሞ የመግዣና የመሸጫ ልዩነቱ ከዚህ ይሰፋ ይሆናል እንጂ አይጠብም። ስለዚህ ዛሬ ገዝቶ የከርሞ ሰው የሚሸጥ ብዙውን ጊዜ ይከስራል።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር እንገባለን። እነዚህ ሁሉ ቅጠሎች ከየት መጡ? ከመጽሐፍ። አንድ ነጋዴ ሙሉውን ጥራዝ በጨረታ ይገዛል፣ ጀርባውን በቢላ ይከፍታል፣ ቅጠል በቅጠል ይቸረችራል። የቅጠሎቹ ዋጋ ሲደመር ከጥራዙ ዋጋ እስከበለጠ ድረስ ይህን የሚከለክለው የሒሳብ ምክንያት የለም። በተለይ በ20ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ የሳሎን ገዢ ሲበዛ ብዙ ጥራዝ በዚህ መንገድ አልቋል። ሉካንዳ ቤቱም በሬውን የሚገዛው እንዲሁ አስልቶ ነው። ልዩነቱ ነገ ሌላ በሬ ይወለዳል፤ የ1611 መጽሐፍ ግን አይወለድም።

ገንጣዮቹ መከራከሪያ አላቸው፤ ከንቱም አይደለም። ብዙ ጥራዞች ቀድሞውኑ ቅጠል የጎደላቸው፣ ውኃ የነካቸው፣ ማያያዣቸው የተበጠሰ ነበሩ ይላሉ። ሙሉ መጽሐፍ መግዛት የማይችል መምህር የአውራጃውን ቅጠል ሊገዛ የቻለው በእኛ ነው ይላሉ። ለተጎዳው ጥራዝ ይህ ክርክር ይሠራል። ለደኅነኛው ጥራዝ ግን አይሠራም፤ ምክንያቱም ጥራዙ ሲገነጠል የሚጠፋው ነገር በማንም ደረሰኝ ላይ አይጻፍም። የቀድሞው ባለቤት በኅዳግ የጻፈው ማስታወሻ ከፊቱና ከኋላው ካለው ቅጠል ተለይቶ ትርጉም ያጣል። ማን ገዝቶት ለማን እንዳወረሰው የሚናገረው የሽፋኑ ውስጥ ጽሑፍ ይጣላል። የበርሊ ቅጂ ባለፉት መቶ ዓመታት ቸርቻሪ እጅ ገብቶ ቢሆን ኖሮ፣ የአንድ መንግሥት የፀጥታ መዝገብ ዛሬ በብዙ ሳሎኖች ውስጥ ተበትኖ "በዳር በኩል የቀለም እድፍ ያለበት" እየተባለ በቅናሽ ይሸጥ ነበር። የኢኮኖሚክስ ሰዎች ሻጭና ገዢ ተስማምተው ዕዳውን ሦስተኛ ወገን ላይ የሚጥሉበትን ግብይት ለይተው ያውቁታል፤ ይህ ግብይት ያ ነው።

ወደ ሕገ ወጥነትም በር ይከፍታል። ፎርብስ ስማይሊ የተባለው ታዋቂ አሜሪካዊ የካርታ ነጋዴ በ2005 አጋማሽ በዬል ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተይዟል፤ ያስያዘው ወለሉ ላይ ጥሎት የተገኘ ምላጭ ነው። በዬል፣ በሃርቫርድ፣ በኒውዮርክ፣ በቦስተንና በለንደን ከሚገኙ ቤተ መጻሕፍት 97 ካርታዎች መስረቁን አመነ፤ ግምታቸው ወደ 3 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋ ነበር። በ2006 ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ተፈረደበት። የሰረቃቸው በአብዛኛው የአሜሪካ ካርታዎች እንጂ የእንግሊዝ አውራጃዎች አልነበሩም፤ የገበያው ሕግ ግን አንድ ነው። የተገነጠለ ቅጠል በሕግ ከተገነጠለ ጥራዝ ይምጣ በምላጭ ከተቆረጠ፣ ሲያዩት ያው ነው። ሁሉም ሻጭ ልቅ ቅጠል በሚሸጥበት ገበያ ሌባ መደበቂያ አያጣም። ከእርሱ የገዙት ደግሞ ካርታውን መልሰው ገንዘባቸውን ለማስመለስ ተሯሩጠዋል።

ለዚህ መድኃኒቱ ፖሊስ አይደለም፤ ዋጋ ነው። ገዢ "ይህ ቅጠል ከየትኛው ጥራዝ መጣ? መቼ ተገነጠለ?" ብሎ ቢጠይቅና መልስ ለሌለው ቅጠል ቢቀንስ፣ የቅጠሎቹ ድምር ከጥራዙ ዋጋ በታች ይወርዳል፤ ቢላውም በዚያው ይቆማል። ይህ ህልም አይደለም። የሳክስተን ሙሉ ጥራዝ ዛሬ እጅግ ውድ ስለሆነ ደኅነኛውን የሚገነጥል ነጋዴ እብድ ይባላል። ስፒድ ግን፣ በተለይ የ1676ቱ ኅትመት፣ ገና ከዚያ አልደረሰም።

ነገሩ ለእኛ አገር ባለሀብት ሩቅ እንዳይመስለው። በ1640ዎቹ የእንግሊዝን አውራጃዎች ያተመው የአምስተርዳሙ የብላው ቤት ከዚያ ቀደም ብሎ "የአቢሲኒያ ወይም የቄሱ ዮሐንስ ግዛት" የሚል ካርታ ሲሸጥ ነበር፤ ዝሆንና ሰጎን የተሣለበት የሚያምር ወረቀት ነው። የአንትወርፑ ኦርቴሊየስም በ1573 ተመሳሳዩን አውጥቶ፣ የኢትዮጵያን ግዛት እስከ ደቡባዊ አፍሪካ አስረዝሞ፣ ዓባይን ከምድር ወገብ በታች ካሉ ሁለት ሐይቆች አፍልቆታል። ለሳሎን ከእነዚህ የተሻለ የለም። በምስክርነት ግን የሁለቱንም አፍ የሚያዘጋው በ1683 የወጣው የኢዮብ ሉዶልፍ ካርታ ነው። ከዋነኞቹ ምንጮቹ አንዱ የፖርቹጋሉ ኢየሱሳዊ አልሜዳ የሠራው ካርታ ሲሆን፣ ሌላው የአገራችን ሰው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ከሉዶልፍ ጋር በ1649 ሮም ተገናኝተው በ1652 ጎታ ድረስ ሄደው ስለ አገራቸው ያስተማሩት ሊቅ ሲሆኑ፣ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከብ ሰጥሞ ሞተዋል፤ ካርታውን አላዩትም። ለንደን ወይም ዋሽንግተን ሆኖ "የድሮ የኢትዮጵያ ካርታ" ለመግዛት የሚያስብ ወገን ዝሆኑን ነው የሚገዛው ወይስ አባ ጎርጎርዮስን? መጀመሪያ ለራሱ ይመልስ።

ቢላው የእኛንም ብራና አልማረም። ከአገር የወጡ የግዕዝ መጻሕፍት ሥዕል ሥዕሉ ተቆርጦ በነጠላ ቅጠል በውጭ ገበያ ይታያሉ። በአገር ውስጥ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1992 የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት ከልክሏል፤ ከድንበር ወዲያ የተገነጠለውን ግን አይሰፋውም። ባለ ሥዕሉ ቅጠል ይሸጣል፤ ድርሳኑ፣ የጻፊው ስምና የተሰጠበት ደብር ያለበት ቅጠል ሥዕል ስለሌለው ገዢ አያገኝም።

በእነዚህ ምክንያቶች በለንደን ገበያ ውስጥ ያለ ሰው ገንዘቡን የት ቢያደርግ ይሻላል ቢባል፣ መልሱ ሰሬይም ኮርንዎልም አይደለም። የስፒድን ሀንቲንግደን ይመልከት። በአንድ ቅጠል ላይ የሀንቲንግደንና የዝነኛዋ የኢሊ ከተማ ፕላን አለው። ረግረጉ በ17ኛው መቶ ዓመት መድረቅ ከመጀመሩ በፊት ውኃው የት የት እንደነበር ያሳያል፤ በ1851 ተመጥጦ ዛሬ እርሻ የሆነው የዊትልሲ ሐይቅ በላዩ ላይ ተኝቷል። አውራጃው ተሠርዟል፣ ሀብታም ሰፈር አይደለም፣ ባሕር የለውም። ስለዚህም ከሰሬይና ከሚድልሴክስ በረከሰ ዋጋ ይገኛል፤ ቀለም ካልተቀባ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል።